የመስሚያ መሣሪያ፦ የዕለት ተዕለት አጠቃቀሙና አያያዙ

የመስሚያ መሣሪያ በአብዛኛው ከአገልግሎት ውጭ የሚሆነው ተሰብሮ አይደለም። ባትሪው ያልቃል፣ ቱቦው በኩክ ይደፈናል፣ ወይም እርጥበት ይገባበታል። ድምፁ ሲጠፋ «ተበላሸ» ተብሎ በጨርቅ ይጠቀለልና ሳጥን ውስጥ ይገባል። ይህ ከሶዶ፣ ከአረካ ወይም ከቦዲቲ ከተማ ርቆ በሚኖር አርሶ አደር ቤት ሲያጋጥም ጉዳቱ የበለጠ ይከፋል። መሣሪያውን ለባለሙያ ለማሳየት ሥራ መፍታትና የመጓጓዣ ገንዘብ ማውጣት ግድ ስለሚሆን፣ በአምስት ደቂቃ ጽዳት ሊመለስ የሚችል መሣሪያ ለወራት ሳይነካ ይከርማል። ባለመሣሪያው ተማሪ ከሆነ በእነዚያ ወራት ከመምህሩ አንደበት የሚያመልጠው ትምህርት ብዙ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ሪፖርት መሠረት ከመስማት ችግር ጋር በተያያዘ የተሃድሶ አገልግሎት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እርጅና፣ በወቅቱ ያልታከመ የጆሮ መግል፣ ማጅራት ገትር፣ ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ ድምፅ ባለበት ቦታ መሥራት፣ እንዲሁም እንደ ጀንታማይሲን ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶች ከመንስኤዎቹ መካከል ይጠቀሳሉ። መሣሪያው የእነዚህ ሁሉ ፈውስ አይደለም። በጆሮ ውስጥ የቀረውን የመስማት አቅም ያግዛል እንጂ የጠፋውን አይመልስም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ በኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል።

አሠራሩ

መሣሪያው አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። ማይክሮፎኑ ድምፅን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ ማጉያው ምልክቱን ያጎላል፤ ትንሿ ድምፅ ማውጫ ምልክቱን ወደ ድምፅ መልሳ ወደ ጆሮ ትልካለች፤ ባትሪው ደግሞ ለሁሉም ኃይል ይሰጣል። በአሁኑ ጊዜ የሚሠሩት ዲጂታል መሣሪያዎች የትኛውን ዓይነት ድምፅ ምን ያህል ማጉላት እንዳለባቸው በኮምፒውተር ይስተካከላሉ። ለአንድ ሰው የተስተካከለው መሣሪያ ለሌላው እንደማይሆን የሚነገረው ለዚህ ነው። የአባት መሣሪያ ለልጅ አይተላለፍም፤ የሚተላለፍ ከሆነም በባለሙያ እንደገና መስተካከል አለበት።

በብዛት የሚታየው ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ዓይነት ነው። ከእሱ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ጆሮ ውስጥ ከሚገባው ቅርጽ ጋር ይያያዛል። ባለሙያዎች ኢር ሞልድ የሚሉት ይህ ቅርጽ ከተጠቃሚው ጆሮ ላይ ልክ ተወስዶ የሚሠራ ነው። ሁለት መሣሪያ የሚጠቀም ሰው የቀኙንና የግራውን የሚለየው በላዩ ባለው የቀለም ምልክት ነው። ቀዩ ለቀኝ፣ ሰማያዊው ለግራ ነው። በአማርኛ «ቀይ» እና «ቀኝ» በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ለማስታወስ አያስቸግርም።

ለማድረግ በመጀመሪያ ቅርጹ ወደ ጆሮ ቀዳዳ ይገባል፤ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ያቀልለዋል። ከዚያ መሣሪያው ከጆሮ ጀርባ ይቀመጣል። ቅርጹ በደንብ ሳይገባ መሣሪያው ከተከፈተ ያፏጫል።

ባትሪ

አብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚሠሩት ዚንክ ኤይር በሚባል ክብ ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ከተራው ባትሪ ድንጋይ የሚለየው ኃይል የሚያመነጨው በውስጡ ያለው ዚንክ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ በመሆኑ ነው። በጠፍጣፋ ጎኑ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ለዚሁ ነው፤ ቀዳዳዎቹን የሚሸፍነው ባለቀለም ልጣፍ እስኪነሳ ድረስ ባትሪው እንዳንቀላፋ ይቆያል። ልጣፉ አንዴ ከተነሳ በኋላ መልሶ መለጠፍ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ከመጠቀም በፊት «ልሞክራቸው» ብሎ የበርካታ ባትሪዎችን ልጣፍ ማንሳት ሁሉንም በአንድ ቀን እንደ መክፈት ይቆጠራል።

ልጣፉ ከተነሳ በኋላ ባትሪውን ወዲያው ወደ መሣሪያው ከማስገባት ይልቅ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ክፍት አድርጎ ማቆየት ይመከራል። አየር በበቂ ሁኔታ ሲገባለት ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ብዙ ተጠቃሚዎች ይህን ባለማወቃቸው አዲሱን ባትሪ «ሞቶ የመጣ» አድርገው ይጥሉታል።

መጠኑ የሚለየው በቁጥርና በቀለም ነው። 10 ቁጥር ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ ነው። ትንሹ 10 ቁጥር ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል፤ 13 ቁጥር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ለከባድ የመስማት ችግር በተሠሩ ትልልቅ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገባው 675 ቁጥር ደግሞ እንደ አጠቃቀሙ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። በቀን የሚሠራበት ሰዓትና የድምፁ መጠን ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በሰዓት መጠገኛና በኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የሚሸጥ አንድ የሰዓት ባትሪ በመጠኑ ከ675 ቁጥር ጋር አንድ ነው። ሲያስገቡት ይገባል፤ ድምፅም ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን የሚይዘው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ፈሳሽ ካወጣም መሣሪያውን ያበላሻል። በሶዶ ገበያ ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ቁጥሩን፣ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ መሆኑንና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ማንበብ ተገቢ ነው። ባትሪዎቹ በሁሉም ከተማ ስለማይገኙ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ትልቅ ከተማ የሚሄድ ዘመድ ሲገኝ የሁለትና የሦስት ወር ፍጆታ ማስመጣት የሚያዋጣ ልማድ ነው፤ ልጣፋቸው እስካልተነሳ ድረስ ለዓመታት ይቆያሉ። በኪስ ውስጥ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር መያዝ ግን አይገባም፤ ብረት ከብረት ሲነካካ ኃይሉ ይፈስሳል።

ማታ መሣሪያው ሲወልቅ የባትሪው በር ክፍት ተደርጎ ይተዋል። ይህ መሣሪያውን ያጠፋዋል፤ በውስጡ የገባው እርጥበትም እንዲወጣ ይረዳል።

በቻርጀር የሚሞሉ መሣሪያዎችም አሉ። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ከተሞሉ አንድ ቀን ሙሉ ይሠራሉ። መብራት ተቆርጦ በሚያድርበት አካባቢ ግን ተጠቃሚው ጠዋት ያለ መሣሪያ ሊነሳ ይችላል፤ ስለዚህ በገጠር ቀበሌ ለሚኖር ሰው ከመግዛቱ በፊት ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። በቦትስዋና ኦትሴ በተባለች መንደር መስማት የተሳናቸው ቴክኒሻኖች የተሳተፉበት በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የመስሚያ ባትሪ ቻርጀር የተሠራው ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነበር። በቤቱ የፀሐይ ፓናል ያለው አርሶ አደር ለስልክ የሚጠቀምበትን መስመር ለመሣሪያውም ሊያውለው ይችላል፤ የቻርጀሩ የኃይል መጠን መመሳሰሉን ማረጋገጥ ግን ያስፈልጋል።

እርጥበት፣ ቅቤና ጭስ

እህል በእርጥብ ጎተራ ውስጥ እንደማይቆይ ለአርሶ አደር የሚነግረው አያሻም። የመስሚያ መሣሪያም ጠላቱ ተመሳሳይ ነው። በክረምት ዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ሶዶና አካባቢዋ ለሳምንታት ጸሐይ ሲያጡ፣ ወይም በሁምቦና በአባያ ሐይቅ አቅጣጫ ባለው ቆላ ላብ ከአንገት ሲወርድ፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቱቦውና ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል። ድምፁ መጀመሪያ ይቆራረጣል፣ ከዚያም ይጠፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መሣሪያው ማታ ባትሪው ወጥቶ፣ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከእርጥበት መጣጭ ጋር ያድራል። ይህን የሚሠሩ ኩባንያዎች ልዩ ማድረቂያ ይሸጣሉ፤ እሱ ካልተገኘ በአዲስ ጫማ ወይም ቦርሳ ውስጥ የሚገኘው፣ ሲሊካ ጄል የሚባለው ትንሽ ከረጢት ይሠራል። ከረጢቱ በጊዜ ብዛት እርጥበት ስለሚጠግብ በየጊዜው መቀየር አለበት፤ ልጆች እንዳይበሉትም ከእጃቸው መራቅ ይኖርበታል። ባትሪውን ከማድረቂያው ጋር አለማስቀመጥ ይመረጣል፤ በጣም ደረቅ አየር ዕድሜውን ያሳጥራል። መሣሪያውን በምድጃ ዳር ወይም በጸሐይ ላይ ማድረቅ ግን ፕላስቲኩንና የውስጥ ክፍሎቹን ያበላሻል።

ቅቤን በተመለከተ የሚሰጠው ምክር በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ አይገኝም፤ እነሱ የሚያውቁት የጸጉር ሽቶን ነው። ፀጉር በቅቤ የሚቀቡ እናቶች መሣሪያውን አስቀድመው ማውለቅና ቅቤው እስኪመጠጥ መጠበቅ አለባቸው። ቅቤ በሙቀት ቀልጦ ከጆሮ ጀርባ ሲወርድ የማይክሮፎኑን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሲረጋ ደግሞ በደረቅ ጨርቅ አይወጣም። ሹሩባ ሲሠራም ማውለቁ ይመረጣል። በምድጃ ጭስና በሚፈላ ድስት እንፋሎት ላይ ጎንበስ ብሎ መሥራትም እንዲሁ ጎጂ ነው፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት የምትውል ሴት መሣሪያዋን እንድታወልቅ መንገር ከቤተሰቧ ጨዋታ ውጭ አድርጎ ማስቀመጥ ስለሚሆን፣ ማታ ማታ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቂያ ውስጥ ማሳደር የተሻለ አማራጭ ነው።

በእርሻ ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው መሣሪያውን አውልቆ በዕቃው ውስጥ ቢያስቀምጠው ይበጃል። ይህን ሲያደርግ ግን ከአጠገቡ ሰው ቢኖር ይመረጣል፤ ከማሳ ወደ መንገድ ሲወጣም መልሶ ማድረግ አለበት፤ ከኋላ የሚመጣን ባጃጅ ወይም አይሱዙ ሳይሰሙ መሻገር አደጋ አለው። በወፍጮ ቤት የሚሠሩ ደግሞ ድምፁ የቀረውን የመስማት አቅም እንዳይጎዳ መሣሪያውን አውልቀው የጆሮ መከላከያ ቢያደርጉ ይመከራል።

ጽዳት

መሣሪያው ራሱ ፈጽሞ ውሃ አይነካም። በየቀኑ በንጹሕና ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ አልኮል አይጠቅመውም። የሚታጠበው ጆሮ ውስጥ የሚገባው ቅርጽ ብቻ ነው። ቅርጹ ከነቱቦው ከመሣሪያው ተላቆ ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ይታጠባል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይደርቃል፤ በቱቦው ውስጥ ጠብታ አለመቅረቱ ከታየ በኋላ ጠዋት ይገጠማል። የመርጫ መሣሪያ አፍንጫ ሲደፈን ፓምፑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ እንደማይወጣ ሁሉ፣ በቱቦው ጫፍ የምትገኝ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ኩክ ጤነኛውን መሣሪያ ድምፅ አልባ ታደርገዋለች። መርፌ ወደ ውስጥ መስደድ ኩኩን የበለጠ ይገፋዋል፤ ለዚህ የተሠራች ትንሽ ብሩሽ ከመሣሪያው ጋር ትመጣለች።

ቱቦው እየቆየ ሲሄድ ይደነድናል፣ ቢጫ ይሆናል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር አለበት። ጆሮው ራሱ መግል የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ መሣሪያው ወልቆ በቅድሚያ ጆሮው መታከም ይኖርበታል። የቅጠል ጭማቂም ሆነ የሞቀ ዘይት ጆሮ ውስጥ ማንጠብጠብ ችግሩን ያባብሳል እንጂ አያድንም።

ድምፅ ሲጠፋና ሲያፏጭ

ወደ ባለሙያ ከመሄድ በፊት ጥቂት ነገሮችን በቅደም ተከተል መፈተሽ ይቻላል። በመጀመሪያ ባትሪው ተገላብጦ ገብቶ እንደሆነ፣ በሩም በደንብ ተዘግቶ እንደሆነ ይታያል። ቀጥሎ በአዲስ ባትሪ ይሞከራል። ማብሪያ ማጥፊያ ባላቸው የቆዩ መሣሪያዎች ላይ «ኦ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ጠፍቷል ማለት ነው፣ «ኤም» ለተለመደው ማዳመጥ፣ «ቲ» ለስልክ ነው። ሳይታወቅ ወደ «ቲ» የዞረ መሣሪያ ለተጠቃሚው የሞተ ይመስላል። ከዚያ ቅርጹና ቱቦው ይታያሉ።

ባትሪው እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ቀላል ዘዴም አለ። መሣሪያው ተከፍቶ በተጨበጠ መዳፍ ውስጥ ሲያዝ ማፏጨት አለበት። ይህን ፍተሻ ራሱ ተጠቃሚው ባይሰማውም የቤተሰብ አባል ያደርግለታል፤ ለሕፃን ልጅ ወላጅ በየጠዋቱ ሊሠራው የሚገባ ነው።

ጆሮ ላይ ሆኖ የሚያፏጭ ከሆነ ግን የሚያመልጥ ድምፅ አለ ማለት ነው። ቅርጹ በትክክል አልገባም፣ ጆሮው በኩክ ተሞልቷል፣ ድምፁ ከሚገባው በላይ ተከፍቷል፣ ወይም ነጠላና ሻሽ መሣሪያውን ሸፍኖታል። በልጅ ላይ ከሆነ በአብዛኛው ጆሮው አድጎ ቅርጹ ጠቦታል። ፉጨቱን ለማጥፋት ድምፁን መቀነስ የተለመደ ነው፤ ውጤቱ ግን ልጁ ከሚያስፈልገው በታች እንዲሰማ ማድረግ ነው። የሕፃናት ቅርጽ በየጥቂት ወሩ፣ የትልልቅ ልጆች በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ አዲስ ልክ ሊፈልግ ይችላል። ይህ ወጪ መሣሪያ ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ለዓመታት በጸጥታ የኖረ አእምሮ ድምፅን እንደገና ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። የገዛ ራስ ድምፅ እንግዳ ይሆናል፤ የሳህን መጋጨት ያስደነግጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጸጥተኛ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ሰው ጋር እየተነጋገሩ ለጥቂት ሰዓታት ማድረግና ከቀን ወደ ቀን መጨመር ይሻላል። የሶዶ ገበያና የጊፋታ በዓል ጭፈራ የመጀመሪያ ቀን መሞከሪያ ሊሆኑ አይገባም። መሣሪያው በብዙ ሰው መካከል የአንዱን ድምፅ ከሌላው ሙሉ በሙሉ መለየት አይችልም፤ የተሻለ የሚሠራው ተናጋሪው በአንድ ወይም በሁለት ሜትር ርቀት ሲሆን ነው።

ስልክ ሲደወል ቀፎው የሚቀርበው ወደ ጆሮ ቀዳዳ ሳይሆን ከጆሮ በላይ ወዳለው ማይክሮፎን ነው። ይህን አንድ ነገር ባለማወቅ «በስልክ አይሰማኝም» የሚሉ ተጠቃሚዎች ጥቂት አይደሉም።

የቤተሰብ ድርሻም አለ። በመሣሪያ ለሚሰማ ሰው መጮህ ድምፁን ያዛባዋል እንጂ አያጠራውም። በስም ጠርቶ ትኩረቱን ከሳቡ በኋላ፣ ብርሃን ፊት ላይ እንዲያርፍ ሆኖ፣ በረጋ አነጋገር መናገር ይሻላል። ማታ በኩራዝ ወይም በምድጃ ብርሃን በሚጨዋወት ቤተሰብ ውስጥ ፊቱ የማይታይ ተናጋሪ አባባው እንዳልሰሙት ቢያማርር ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም።

ከመግዛት ወይም ከመቀበል በፊት

የመስማት ችግር የተሰማው ሰው መነሻው ጤና ጣቢያ ነው፤ ጆሮው በኩክ ብቻ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በሪፈር ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ሄዶ የመስማት ምርመራ ያደርጋል። ያለ ምርመራ በመንገድና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጡ ርካሽ ማጉያዎች ሁሉንም ድምፅ በእኩል ከፍ ያደርጋሉ፤ የቀረውን የመስማት አቅም ሊጎዱም ይችላሉ። መሣሪያው በእርዳታ የሚገኝ ቢሆንም የባትሪው ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ባትሪው የት እንደሚሸጥ፣ ቅርጹን ማን እንደሚሠራና ሲበላሽ የት እንደሚወሰድ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ አዲስ አበባ ግን አሁንም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ስለዚህ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይዞ መመለስ ሁለተኛ ጉዞን ያስቀራል።

መሣሪያ የማይበቃቸው፣ የመስማት ችግራቸው እጅግ ከባድ የሆነ ልጆች የምልክት ቋንቋ በጊዜ ሊማሩ ይገባል። በሆሳዕና የሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ለወላይታ ቅርብ ከሆኑት አንዱ ነው። መሣሪያና የምልክት ቋንቋ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ያለቀ ባትሪ በልጆች እጅ መግባት የለበትም። የዋጠ ወይም በአፍንጫው ያስገባ ልጅ ካለ በቤት ውስጥ ሳይታሸ፣ ምልክት እስኪታይም ሳይጠበቅ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ የባትሪው ማሸጊያም አብሮ ቢያዝ ለሐኪሙ ይጠቅማል። መሣሪያው ራሱም ከውሻ መራቅ አለበት። ውሾች በላዩ ባለው የሰው ሽታና በፉጨቱ ይሳባሉ፤ ማኘክም ይወዳሉ።